በሬቪት ላይ እኩል ያልሆኑ ፍላንጆች ያሉትን ብይድ ቢም እንዴት ልሥራው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የሕንፃ ሞዴል በሚሠራበት በሬቪት ሶፍትዌር ከሦስት ላሜራዎች ተበይዶ የሚሠራ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ ብረት) ሞዴል ማድረግ አስፈልጎኛል። የላይኛው ፍላንጅ (አግድም ላሜራ) 200 በ15 ሚሊ ሜትር፣ ዌቡ (መካከለኛው ቋሚ ላሜራ) 270 በ10፣ የታችኛው ፍላንጅ 400 በ15 ሲሆን ጠቅላላ ቁመቱ 300 ሚሊ ሜትር ነው፤ የታችኛው የሰፋው ተገጣጣሚ የኮንክሪት ወለሎች እንዲያርፉበት ነው። ከተዘጋጁት ፋሚሊዎች (በሬቪት ደጋግመው የሚጠቀሙባቸው የሞዴል ክፍሎች) መካከል ተመሳሳዩን ስላጣሁ ራሴ ሠርቼ ወደ ፕሮጀክቱ አስገባሁት። ነገር ግን ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ስዘረጋው ርዝመቱ አብሮ አይለወጥም፤ የቁመቱን ልክ ስቀይር ፍላንጆቹ ከዌቡ ይላቀቃሉ፤ ሬቪት በሚያወጣው የመጠን ሠንጠረዥም ላይ የክብደቱ ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል።

መልስ፣ ከሞዴል አዘጋጅ

የርዝመቱ ችግር የመጣው አዲስ ኤክስትሩዥን (ከጠፍጣፋ ቅርጽ በርዝመት የተዘረጋ አካል) ሠርተው ጫፎቹን ሳይቆልፉ በመቅረትዎ ይመስለኛል። በቢም ቴምፕሌቱ (ፋሚሊው በሚጀመርበት መነሻ ፋይል) ውስጥ ጫፎቹ ሜምበር ሌፍት እና ሜምበር ራይት ከሚባሉት ሪፈረንስ ፕሌኖች (ቅርጹ የሚታሰርባቸው የማጣቀሻ ገጾች) ጋር የተቆለፉ አንድ ኤክስትሩዥን አስቀድሞ አለ። እርሱን አያጥፉት፤ ስኬቹን (የቅርጹን ንድፍ) ብቻ ከፍተው አራት ማዕዘኑን በራስዎ ቅርጽ ይተኩት። በኮርስ (ዝርዝር በማያሳየው) እይታ ቢሙ አንድ መስመር ሆኖ ቢታይዎት አይደንግጡ፤ ቅርጹን ለማየት ወደ ፋይን (ዝርዝር ወደሚያሳየው) ይቀይሩ።

መልስ፣ ከሌላ አባል

ፍላንጆቹ የሚላቀቁት ልኬቶቹ በስኬቹ መስመሮች ላይ ስለተሰጡ ነው። አስቀድመው ለእያንዳንዱ ፊት፣ ማለትም ለሁለቱ ፍላንጆች ላይና ታች እንዲሁም ለዌቡና ለፍላንጆቹ ግራና ቀኝ፣ ሪፈረንስ ፕሌን ያስቀምጡ፤ ቁመትን፣ ስፋትንና ውፍረትን የሚወስኑ ፓራሜትሮችን (የሚለወጡ እሴቶችን) በፕሌኖቹ መካከል ባለው ልኬት ላይ ይስጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የስኬቹን መስመሮች ከፕሌኖቹ ጋር አስተካክለው ይቆልፉ። ግራና ቀኙ ከመካከለኛው ፕሌን በእኩል ርቀት እንዲሄዱ የእኩልነት ገደብ መስጠትን አይርሱ። ወደ ፕሮጀክቱ ከመጫንዎ በፊት እያንዳንዱን ፓራሜትር አንድ በአንድ እየለወጡ ይፈትኑት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከለወጡ ስህተቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስቸግርዎታል። ይህን ሥራ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የላቀ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው።

መልስ፣ ከስትራክቸር መሐንዲስ

ያልጠየቁትን አንድ ነገር ላንሣ። ይህ ቅርጽ ላይና ታቹ እኩል ስላልሆነ ሴንትሮይዱ (የቁርጥ ገጹ የስፋት ማዕከል) በቁመቱ አጋማሽ፣ በ150 ሚሊ ሜትር ላይ አይደለም። የእያንዳንዱን ላሜራ የቁርጥ ገጽ ስፋት (ካሬ) ከቢሙ ታችኛ ፊት እስከ ላሜራው መሃል ባለው ርቀት አባዝተው ድምሩን ለጠቅላላው የቁርጥ ገጽ ስፋት፣ ለ11,700 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ሲያካፍሉት 113.5 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ። የፋሚሊውን መነሻ ነጥብ አጋማሹ ላይ ካደረጉት ትክክለኛው የሴንትሮይድ መስመር በ36.5 ሚሊ ሜትር ይስታል፤ ስለዚህ የታችኛውን ፊት ከመነሻው 113.5 ዝቅ፣ የላይኛውን 186.5 ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ልኬቶቹ የሚለዋወጡ ከሆነ ይህ ርቀት በፎርሙላ የሚሰላ ፓራሜትር ይሁን።

ክብደትን በተመለከተ፣ ፋሚሊው ላይ ያለው የክብደት ፓራሜትር ከቅርጹ ተነሥቶ ራሱን አያሰላም፤ እሴቱን በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። የብረት ጥግግት በሜትር ኩብ 7,850 ኪሎ ግራም ስለሆነ የእርስዎ ቢም በሜትር 91.8 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይበልጥ አስተማማኝ የሚሆነው ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ይዘቱን (በሜትር ኩብ) በጥግግቱ የሚያባዛ ስሌት መጨመር ነው።

መልስ፣ ከቴክላ ተጠቃሚ

ወደ ቴክላ (ሌላ የስትራክቸር ሞዴል ማድረጊያ ሶፍትዌር) የሚያስተላልፉት ከሆነ እዚያ እንደገና ለመሥራት አይቸኩሉ። በፕሮፋይል ካታሎጉ (በቁርጥ ቅርጾች ዝርዝሩ) ውስጥ ፍላንጆቻቸው የተለያዩ ብይድ ቢሞች በፓራሜትር ተዘጋጅተው ስለሚገኙ ልኬቶቹን መሙላት ብቻ ይበቃል። የስኬች ኤዲተሩ የሚያስፈልገው ካታሎጉ ውስጥ ለሌለ ቅርጽ ነው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፋሚሊውን ከቴምፕሌቱ እንደገና ጀምሬ ሠራሁት። የተቆረጠ ርዝመቱ 6 ሜትር በሆነ ቢም ላይ ሠንጠረዡ 0.0702 ሜትር ኩብና 551 ኪሎ ግራም አሳይቶኛል፤ ይህም በእጄ ካሰላሁት ጋር አንድ ነው። ቁመቱን ወደ 400 ስለውጥም ፍላንጆቹ ከዌቡ ሳይላቀቁ ሴንትሮይዱ በፎርሙላው ወደ 154.5 ሚሊ ሜትር ተሻገረ።