የኋላ መብራት ፊውዝ ደጋግሞ ይቃጠላል፤ ሾርቱን እንዴት ላግኘው?

ባለኮሮላ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። የፓርኪንግ መብራቱን ባበራሁ ቁጥር 15 አምፔሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠልና የኋላው፣ የታርጋውና የዳሽቦርዱ መብራት አብረው ይጠፋሉ፤ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ግን ደህና ናቸው። ያሳየሁት ጋራዥ የመኪናዋ ገመድ በሙሉ መቀየር አለበት ብሎኛል። ይህን ያህል ሳልገባ ሾርቱን የማገኝበት መንገድ ካለ እባካችሁ አስረዱኝ።

መካኒክ፦
ፍሬቻውና ፍሬኑ ከሠሩ፣ ችግሩ ያለው በዚያ ፊውዝ መስመር ላይ ብቻ ስለሆነ ገመዱን በሙሉ አያስቀይሩ። ፊውዙን አውጥተው በቦታው ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በሁለት ገመድ ያገናኙና መብራቱን ያብሩ። አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ገመድ አይግልም፤ ሾርቱ እስካለ ድረስም በሙሉ ኃይሉ ይበራል። ከዚያ በመስመሩ ላይ ያሉትን ሶኬቶች አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ አምፖሉን ያጠፋው ሶኬት ወደ ችግሩ ይመራዎታል።

ሌላ አንባቢ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አስቀድመው የፓርኪንጉን፣ የኋላውንና የታርጋውን አምፖሎች ሁሉ ያውጡ። ያልበራ አምፖል ሬዚስታንሱ በጣም አነስተኛ ስለሆነ ጤነኛውን መስመር ሾርት ያለበት ያስመስለዋል። በፊውዙ ፈንታ የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ወይም ሽቦ እንዳያስገቡም አደራ እላለሁ፤ እሳቱ ከምንጣፍ ሥር ነው የሚነሳው።

ባለኮሮላ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተገኘ። ልጄ አምፖሉን እያየልኝ የፊቶቹን ሶኬቶች ብነቅል ለውጥ አልነበረም። ከኋላ ያሉትን ለመንቀል የዕቃ መጫኛውን ኮፈን ስከፍት ግን፣ ገና ምንም ሳልነካ፣ «ጠፋ!» አለኝ፤ ስዘጋው መልሶ በራ። ወደ ታርጋው መብራት የሚሄደው ገመድ በማጠፊያው አጠገብ በቆርቆሮ ቀዳዳ ያልፋል። የቀዳዳው ጎሚኒ ደርቆ ረግፏል፤ የቆርቆሮው ጠርዝ የገመዱን ሽፋን ልጦ መዳቡን አውጥቶታል፤ እዚያው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥቁር የተቃጠለ ነጥብ አለች። አሁን በናስትሮ ብጠቀልለው ይበቃል?

መካኒክ፦
አይበቃም፤ ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ናስትሮውም ይላጣል። የተጎዳውን ቆርጠው በተመሳሳይ ውፍረት አዲስ ገመድ ይቀጥሉ፤ መገናኛውን ከማጠፊያው ያርቁት፣ በሊድ ያስበይዱት፣ ቀዳዳው ላይም አዲስ ጎሚኒ ያስገቡ። ኮፈኑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ገመዱ እንዳይወጠር ትንሽ ትርፍ ይተዉለት፤ ከዚያ ያንኑ 15 አምፔር ፊውዝ ይመልሱ።