እናቴን ይዤ ወደ ከፋ፦ በአንድ ሳምንት የት የት እንሂድ?

ቡና ወዳድ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጥር ላይ የአንድ ሳምንት ዕረፍት አለኝ፣ እናቴን ይዤ ወደ ከፋ ልሄድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስታፈላ ኖራለች፣ ቡና ግን ጫካ ውስጥ በራሱ በቅሎ አይታ አታውቅም። 64 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ መንገድ አትፈራም። እስካሁን የማውቀው የቡና ሙዚየሙንና የእግዜር ድልድይን ብቻ ነው፣ እነሱንም በስም። በዚያው ዳውሮ ያለውን ሃላላ ኬላንና ጨበራ ጩርጩራ ፓርክንም ልጨምር አስቤያለሁ። ይበዛብናል? ጥር ላይስ ቡናው ዛፉ ላይ ይገኛል? የሄዳችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

የቦንጋ ልጅ፦
እንኳን አሰብክ ወንድሜ። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው። ከአዲስ አበባ ቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን አትጨርሱት፣ ጅማ እደሩ። ጠዋት ሸቤን አልፋችሁ ወደ ጎጀብ ወንዝ ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ከዚያ ማዶ ዳገቱን ስትያያዙት አየሩ እየቀዘቀዘ አረንጓዴው መንገዱን ከግራ ከቀኝ ይከበዋል። መስኮት ክፈቱ፣ እርጥብ ቅጠል ይሸታል።

እናትህን ማንኪራ ጫካ ውሰዳቸው። እዚያ ያለው ቡና የጓሮ ቡና አይመስልም። ማንም አልተከለውም፣ ማንም አልገረዘውም። ግንዱ ቀጭን ነው፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ሆኖ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ፍሬውም እዚህ አንድ እዚያ ሁለት ነው። ጥር ላይ ለቀማው በአብዛኛው አልቋል፣ ግን የተረሳ ቀይ ፍሬ አይጠፋም። አንዷን ቀጥፈህ በሁለት ጣት ጨመቅ ስታደርጋት ፍሬዎቹ ሙልጭ ብለው ይወጣሉ፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር ለብሰው። ጣፋጭ ነው። እናትህ ይቅመሱት፣ በየቀኑ የሚቆሉት ነገር መጀመሪያ ምን እንደሚመስል ያኔ ነው የሚያዩት።

አንድ ነገር አደራ። ጫካው ባለቤት አለው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከፋን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል፣ ጫካውም እርሻውም ተደምሮ 760 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። ግን ከዩኔስኮ በፊትም ጫካውን ሰው ሲጠብቀው፣ ማር ሲቆርጥበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ ሲለቅምበት ኖሯል። ዛሬም በየቀበሌው በማኅበር ተደራጅቶ የሚጠብቀው አለ። ያለ አካባቢው አስጎብኚ አትግቡ። የምትከፍሉት ገንዘብ ለሚጠብቀው ሰው ይድረስ።

መንገደኛ፦
እኔ የምለው አንድ ነው፣ ቀንሱ! ከጓደኞቼ ጋር በአምስት ቀን አራት ቦታ እናያለን ብለን ወጥተን መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ግማሽ ቀን አለቀብን፣ የቀረውን ስንሮጥ ምንም ሳናይ ተመለስን። ሃላላ ኬላን በጣም ነው የምወደው። የንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ እዚያ አለ፣ ዳውሮዎች ዲንካ ሲነፉ መስማት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ መሣሪያው ከሰው ቁመት ይረዝማል፣ ብዙ ሆነው ሲነፉት ድምፁ ደረትህ ውስጥ ነው የሚሰማህ። ጨበራ ጩርጩራም ዝሆን አለው፣ ግን ዝሆን በቀጠሮ አይወጣም፣ ትዕግሥትና ቀን ይፈልጋል። ሁለቱ ለብቻቸው አንድ ጉዞ ናቸው። አሁን ከፋን ብቻ ያዙ።

ወፍ አፍቃሪ፦
ከመንገደኛ ጋር እስማማለሁ። ሁሉም ሰው ፏፏቴና ድልድይ ነው የሚጠራው፣ ባርታ ፏፏቴ ያምራል፣ አልክድም። ግን ቦንጋ አጠገብ ያለውን የአለምጎኖ ረግረግ አትለፉት። ጠዋት በጊዜ ድረሱ። ራሳቸው ላይ የወርቅ አክሊል የመሰለ ላባ ያላቸው ረጃጅም ወፎች ሣሩ ውስጥ በቀስታ ሲራመዱ ታያላችሁ፣ መቅረብ አያስፈልግም፣ ቆሞ ማየት ይበቃል። እናትህም ብዙ አይደክሙም።

ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀና እያላችሁ ሂዱ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጩ ፀጉሩ እንደ ነጠላ ይዘረጋል። ከዚያ ከፍ ብሎ ቅርንጫፍ ላይ የተጋደመ ረጅም ቀፎ ካያችሁ አስጎብኚውን ስለ ማሩ ጠይቁት። ያን ሁሉ ከፍታ በገመድ ነው የሚወጡት፣ ብዙ ጊዜም በጨለማ፣ ጭስ ይዘው። እኔ ከሥር ቆሜ ሳይ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንበሳም አለ፣ ግን አንበሳ አያለሁ ብለህ አትሂድ።

ቡና ወዳድ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በቃ ከፋ ብቻ። ሃላላ ኬላን ለሌላ ጊዜ ተውኩት። የእግዜር ድልድይ ግን ለእናቴ ይከብዳታል? ታሪክም ትወዳለች፣ የከፋ ነገሥታትን የሚያስታውስ ቦታ ካለ ብታዩልኝ።

የቦንጋ ልጅ፦
የእግዜር ድልድይ የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፣ ወንዙ ከሥሩ ያልፋል። ከላይ ማየት አይከብድም። ወደ ሥሩ መውረዱ ግን ለጉልበት አይሆንም፣ መሬቱ ሁሌ እርጥብ ነው። አንተ ውረድ፣ እሳቸው ከአንድ ሰው ጋር ከላይ ይጠብቁህ። ለጉልበታቸው የዳዲበን ፍል ውሃ አለ፣ ግን መንገዱን አስቀድመህ ጠይቅ።

ለታሪኩ ቦንጋ ከተማ ውስጥ ቦንጌ ሻምበቶ የሚባለው ጉብታ ላይ ውጡ። በመስከረም የከፋ ዘመን መለወጫ፣ ማሽቃሬ ባሮ፣ የሚከበረው እዚያ ነው። የድሮው መንግሥት ዙሪያውን በጥልቅ ጉድባ ያጥር ነበር፣ አስጎብኚ ካለህ ቅሪቱን ያሳይሃል። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ተዋግተው በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው የተማረኩት። ይህን አያቶቻችን ሲያወሩ ነው የሰማነው፣ ሽማግሌ ካገኘህ ቁጭ ብለህ ስማ። ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቅ።

ጥር ደረቅ ወር ነው ቢባልም እኛ ጋ ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል፣ ቦቲና የዝናብ ልብስ ያዙ። ጎጀብ አካባቢ ቆላ ስለሆነ ወባ አለ፣ እዚያ የምታድሩ ከሆነ አጎበር እንዳትረሱ። ጅማ ከመሸ ከደረሳችሁም ወደ ቦንጋ አትቀጥሉ።

ደግሞ ጫካ አቅራቢያ ያለ ቤት ቡና ጠጡ ቢሏችሁ እሺ በሉ። እናትህ ጀበናውን ካዩ በኋላ ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሱም፣ ለዚያ ቀን ሌላ ቀጠሮ አትያዝ።

ቡና ወዳድ፦
አሁን አነበብኩላት። «ሙዚየሙን በመጨረሻ፣ ጫካውን መጀመሪያ» ብላለች። በዚያው ይሁን። የማንኪራ አስጎብኚ የሚገኘው ቦንጋ ላይ ነው ወይስ እዚያው ቀበሌ?

የቦንጋ ልጅ፦
ቦንጋ ላይ ጠይቅ፣ ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት። ጠዋት አብሯችሁ ይወጣል።