ኮንቴይነር ውስጥ ሲስተምሲቲኤል አልሠራ አለኝ፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

የቀሃው (ጠያቂ)፦ ጎንደር ፒያሳ የሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ የክፍል መመዝገቢያው በዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራሞችን ከሌላው ለይቶ በሚያሠራ ክፍል) ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮንቴይነሩ ቢነሳም ዳታቤዙ ፖስትግሬስም የድር አገልጋዩ ኤንጂንኤክስም አልተነሱም። አገልግሎት በሚያስነሳው ትእዛዝ በሲስተምሲቲኤል ላስነሳቸው ስሞክር፣ የአገልግሎቶች አስተዳዳሪው ሲስተምዲ ፒአይዲ 1 (መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ስላልሆነ መሥራት አልችልም ይለኛል። እስከ ትናንት ይሠራ ነበር። የጥምቀት እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው መቀበያው ፊት ቆመዋል።

መምህሩ፦ ኮንቴይነር የራሱ ከርነል (የሲስተም እምብርት) ያለው ኮምፒውተር አይደለም። የሚነሳው ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚፈጠርበት ቅጂ) ላይ የታዘዘው ፕሮግራም ብቻ ሲሆን፣ ፒአይዲ 1 የሚሆነውም፣ ወላጅ ያጡ ፕሮሰሶችን የመሰብሰብ ኃላፊነት የሚወድቅበትም እርሱ ነው። የተለመደው አሠራር ለአንድ አገልግሎት አንድ ኮንቴይነር ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ማጨቅዎ ከመነሻው ስሕተት ነው።

አንገረብ፦ ኮንቴይነሩን ለማስነሳት ዶከር ረን ሲሉ «ኢኒት» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩበት።

የአዘዞው፦ ደብተርና እስክሪብቶ ፒአይዲ 1 አይጠይቁም፤ እንግዶቹን አስቀድመው ይመዝግቧቸው።

የቀሃው፦ መምህር፣ ሲስተሙን የሠራው ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው፤ እኔ የተረከብኩት ባለፈው ወር ነው።

አንገረብ፦ «ኢኒት» ጨመሩበት ወይ?

ማራኪ፦ ያ አማራጭ የሚያስገባው ቲኒ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ቲኒ ዞምቢ (ሥራቸው አልቆ ከዝርዝር ያልወጡ) ፕሮሰሶችን ይሰበስባል፣ ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ እንደ «አቁም» ያለ መልእክት) ያስተላልፋል እንጂ አገልግሎት አያስነሳም። እስከ ትናንት የሠራው ቀድሞ የነበረው ሰው በእጁ አስነስቷቸው ስለነበር ይመስለኛል። ኢሜጁ የዴቢያን ወይም የኡቡንቱ ሊኑክስ ከሆነ ወደ ኮንቴይነሩ በዶከር ኤግዜክ ይግቡና መጀመሪያ «ሰርቪስ ፖስትግሬስኪውኤል ስታርት»፣ ቀጥሎ «ሰርቪስ ኤንጂንኤክስ ስታርት» ይበሉ፤ ይህ ሲስተምዲን አይፈልግም።

እንግዶቹ ከገቡ በኋላ ግን ኮንቴይነሩን እንደ ዶከር ባለው በፖድማን እንዲያስነሱት እመክራለሁ። ሲስተምዲ በኢሜጁ ውስጥ ተጭኖ የማስነሻ ትእዛዙ «ኤስቢን ኢኒት» ከሆነ፣ ፖድማን ራሱ አውቆ «ረን» እና «ቴምፕ» ማውጫዎችን በቲኤምፒኤፍኤስ (በሜሞሪ ላይ ባለ ጊዜያዊ ማከማቻ) ይጭናል፤ የማቆሚያ ሲግናሉንም ሲስተምዲ በሥርዓት ወደሚዘጋበት ወደ ሲግአርቲሚን ፕላስ 3 ይቀይረዋል። ሲግናሉን አይናቁት፤ ፒአይዲ 1 የሆነ ሲስተምዲ ሲግተርም (የተለመደው የማቆሚያ ሲግናል) ሲደርሰው ራሱን እንደገና ያስነሳል እንጂ አይቆምም፣ ዶከር ደግሞ 10 ሰከንድ ጠብቆ በግድ በሚያቆመው ሲግናል በሲግኪል ስለሚገድለው ዳታቤዙ ሳይዘጋ ይቆረጣል።

መምህሩ፦ ይህም ቢሆን ሁለት ኮንቴይነር ማድረግን አይተካም።

የቀሃው፦ ኤንጂንኤክስ ተነሥቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፖስትግሬስ ግን «ፖስትማስተር ነጥብ ፒአይዲ» የሚባል ፋይል አስቀድሞ አለ እያለኝ ነው፤ ልሰርዘው?

ማራኪ፦ አስቀድመው የፕሮሰሶችን ዝርዝር በሚያሳየው ትእዛዝ በ«ፒኤስ» ይመልከቱ። የሚሠራ የፖስትግሬስ ፕሮሰስ አንድም ከሌለ ብቻ ይሰርዙት፤ መብራቱ ሲጠፋ ፋይሉ ውስጥ የቀረው የድሮ የፕሮሰስ ቁጥር አሁን የሌላ ፕሮሰስ ቁጥር ሆኖ ይሆናል።

አንገረብ፦ «ኢኒት»ስ?