የ6 እና የ3 ዓመት ልጆች ጠብ፦ በዚያች ሰዓት ምን እንበል?

ጥያቄ
ወንዱ 6 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 3። ጠቡ የሚበዛው ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከ10 ሰዓት እስከ እራት ነው። እሱ በብሎክ የሠራውን እሷ ታፈርሳለች፤ ይመታታል፤ ትነክሰዋለች። «አንተ ትልቅ ነህ፣ ተውላት» ሲባል ይብስበታል። አያታቸው ደግሞ ወዲያው «ይቅርታ በላት፣ ሳማት» ይሉታል። ማን እንደጀመረ ማጣራት አለብን? በትክክል ምን እንበል?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
ማን እንደጀመረ አታጣሩ። በዓይናችሁ ካላያችሁት አታውቁትም፤ ልጆቹም ዳኛ ሲያገኙ የሚለምዱት መክሰስን ነው።

ከወጥ ቤት ሆኖ መጮህ አይሠራም። ሄዳችሁ መሃላቸው በርከክ በሉ፤ የተነሣውን እጅ ሳትጨብጡ ያዝ አድርጋችሁ «መማታት የለም» በሉ፣ በቃ። የተናደደ ልጅ ረጅም ንግግር አይሰማም። መጀመሪያ የተጎዳውን እዩ። የተጣሉበት ዕቃ እስኪበርድላቸው በእናንተ እጅ ይቆይ። ቀጥሎ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ «የሠራኸው ፈረሰብህ፣ ተናደድክ። አንቺ ደግሞ መጫወት ፈለግሽ።» ምክሩ ልባቸው ሲመለስ ነው፤ 15 ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል። እንባው ሳይደርቅ ከመከራችሁ ጠቡ እንደገና ይነሣል።

በግድ የተባለ ይቅርታ ቅጣትን ማምለጫ ይሆናል። መሳሙንማ ጨርሶ ተዉት፤ አሁን የመታት ልጅ ሲጠጋት ልትፈራ ትችላለች። በቃል ፈንታ ሥራ ስጧቸው፦ ያፈረሰችው ብሎኩን ትልቀም፣ የመታው ቀዝቃዛ ጨርቅ ያምጣ። አያትየውን ከነገሩ አታውጧቸው፣ ቅር ይላቸዋል። «እማዬ፣ ጨርቁን አብረሽው አርጥቢለት» ከተባሉ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።

ሰብለ የልጆች አማካሪ
ዋናው ሥራ ግን ከጠቡ በፊት ያለው ነው። «ትልቅ ነህ፣ ተውላት» ሲደጋገም እሱ ታላቅነት መሸነፍ ነው ብሎ ይይዛል፤ እሷ የጮኸ እንደሚያሸንፍ ትማራለች። ስለዚህ ሥራው ይጠበቅለት፦ ብሎኩን ወለል ላይ ሳይሆን እጇ በማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ ይሥራ። ወለል ላይ ያለው የሁለቱም ነው። ይህን ደንብ ሠራተኛዋም አያትየውም አንድ ዓይነት ይበሉት፤ አንዱ አዋቂ ከላላ ልጆቹ እሱን እየጠበቁ ይጣላሉ።

10 ሰዓት ላይ ርቧቸዋል፣ ደክሟቸዋል። እንደገቡ መክሰስ ስጧቸው፤ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ወይም ሙዝ ይበቃል። ከዚያ 10 ደቂቃ ከእሱ ጋር ብቻ ሁኑ፣ ስልክ ሳትነኩ። እሷም በሌላ ሰዓት የራሷ 10 ደቂቃ ይኑራት።

በተራ እንዲጫወቱ የሚደውል ሰዓት ሙሉ። የ3 ዓመት ልጅ 5 ደቂቃ መጠበቅ አትችልም፤ በ1 ደቂቃ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ደወሉ ሲጮህ «ሰዓቱ ደወለ» በሉ፤ ዕቃውን የወሰደው ሰዓቱ እንጂ እናት አትሆንም። የስልክ ደወል ከሆነ ስልኩን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አለዚያ የሚጣሉት በስልኩ ይሆናል።

መተንፈስን በተናደዱበት ሰዓት አታስተምሩ። ማታ ከመኝታ በፊት፣ ባዶ ስኒ አስይዛችሁ፦ በአፍንጫ መሳብ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ቀስ ብሎ እፍ ማለት፣ 5 ጊዜ። ከለመዱት በኋላ በጠቡ ሰዓት «ስኒው» ማለት ይበቃል።

የሕፃናት ነርስ
ስለ ንክሻው፦ ቆዳው ከተቀደደ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ5 ደቂቃ ያህል እጠቡት። ጥልቅ ከሆነ፣ እጅ ወይም ፊት ላይ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በኋላም ካበጠ ወይም ከቀላ አትቆዩ። «እንዲገባት» ብላችሁ መልሳችሁ አትንከሷት፤ አዋቂም ይነክሳል ብላ ነው የምትይዘው። ሲያናድዳት የምትለው አጭር ቃል ስጧት፦ «የኔ ተራ!»፣ «ተው!» ንግግሯ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ የቀረ ከመሰላችሁ ጆሮዋ ይታይላት።

ሁልጊዜ የሚጎዳው አንዱ ብቻ ከሆነና ሌላውን ከፈራ፣ አንገት ማነቅ ወይም ስለት ማንሣት ካለ ግን በቤት አይያዝ፤ ባለሙያ ጋ ሂዱ።

ጠያቂው
እናመሰግናለን። «እጠላታለሁ» ሲልስ?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
«እህት አይጠላም» አትበሉት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። «በጣም አናደደችህ» በሉና ዝም በሉ። ብዙ ጊዜ ምን እንዳደረገችው መናገር ይጀምራል። ቃሉን አትቅጡት፣ እጁን ግን ያዙ።