ስለ ሰውነቴ ስጽፍ ወቀሳውን እንዴት ላቅልለው?

ጥያቄ፦ ማታ ማታ በማስታወሻ ደብተሬ ስለ ሰውነቴ እጽፋለሁ፤ ሆኖም ገጹ አብዛኛውን ጊዜ ሆዴንና ክንዴን በሚነቅፉ ቃላት ይሞላል። ራስን ሳያታልሉ ለራስ በርኅራኄ መጻፍ የሚቻለው እንዴት ነው?

መልስ 1፦ ራስዎን ማሞገስ አይጠበቅብዎትም። ተመራማሪዋ ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ለራስ መራራትን በሦስት ነገሮች ገልጻዋለች፤ እነርሱም ለራስ ደግ መሆን፣ ጉድለት የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማሰብ፣ እንዲሁም ስሜትን ሳያጋንኑም ሳይሸሹም መመልከት ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ይመስለኛል፤ ስለዚህ «ክንዴ አስቀያሚ ነው» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ክንዴን በመስታወት ሳይ አፈርኩ፤ በዚሁ ክንድ ግን የሚያለቅሰውን ልጅ አቅፌ አስተኛሁ» ብለው ይጻፉ፤ ሁለቱም እውነት ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

መልስ 2፦ እስማማለሁ። በየማታው የመጻፍ ግዴታም የለብዎትም፤ ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል ስለ ከባድ ገጠመኝ መጻፍ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎቹ የጻፉት ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ለ15 ደቂቃ ብቻ ነበር።

መልስ 3፦ ወቀሳው ምግብ እስከ መተው ካደረሰዎት ግን ደብተሩ ብቻውን አይበቃምና እባክዎን ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ከፈለጉም የጻፉትን ይዘው ይሂዱ።