የቴሌካስተር ፒካፕ ሽቦ ማቀያየር ላይ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የጊታር ኤሌክትሪክ የምታውቁ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

የቴሌካስተር ኤሌክትሪክ ጊታሬን የአንገት በኩል ፒካፕ (የጊታሩን ክሮች ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይረውን ክፍል) ቤት ውስጥ ቀየርኩት። አዲሱ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ነው። ብቻውን ሲሆን ድምፁ ልብ ያርሳል። የብሪጁም (ክሮቹ ከታች በሚያርፉበት በኩል ያለው) ብቻውን ጥሩ ነው። ሁለቱ አብረው እንዲሰሙ ማብሪያውን መሀል ላይ ሳደርገው ግን ሁለቱ ይጣላሉ፤ ቤዙ ጥፍት ይላል፣ ድምፁ ይቀጥናል። አንቺሆዬ ስጫወት ደግሞ የምወደው ያንን የመሀሉን ድምፅ ነው።

ፌዛቸው (phase፣ የሲግናላቸው አቅጣጫ) እንደተገላበጠ ገብቶኛል። የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ነው መፍትሔው። ያስቸገረኝ የፒካፑ ብረት ክዳን ነው። ከክዳኑ የተነሳች አጭር ሽቦ ከጥቁሩ ሽቦ ጋር ተበይዳለች። እንዲሁ ባቀያይር ክዳኑ ሲግናል ተሸካሚ ይሆናል፤ እጄ በነካው ቁጥር ይጮሃል። ስለዚህ አጭሯን ቆርጬ ክዳኑን በሦስተኛ ሽቦ ለብቻው ከግራውንድ (ሲግናል ከማይሸከመው የመሬት መስመር) ጋር ላገናኘው አስቤያለሁ።

የቆምኩት እዚህ ላይ ነው። አጭሯ ሽቦ የተበየደችበት ነጥብ ላይ ከፀጉር የቀጠነው የጥቅልሉ ክርም አብሮ አለ። እሱ ከተበጠሰ ፒካፑ አለቀለት። ብየዳውን ሳልነካ አጭሯን መሀሏ ላይ ብቆርጣት ይበቃል? አዲሱን ሽቦ ክዳኑ ላይ ስበይድስ ሙቀቱ የውስጡን ሰም ያቀልጠው ይሆን? የሠራችሁት ካላችሁ በፎቶ ብታሳዩኝ ትልቅ ውለታ ነው።