አለቃዬ ፈረንጅ ነው፤ የለቅሶን ነገር እንዴት ላስረዳው?

የሰበታዋ፦
ሰላም ወገኖች። ሰበታ አቅራቢያ ጽጌረዳ እርሻ ላይ የማሸጊያ ክፍል ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሆላንዳዊ ነው። ክፉ አይደለም፤ ደሞዝ አያሳልፍም፣ ማንንም አይሰድብም። ችግሩ ጥር ነው። ለየካቲት 7 የፍቅረኞች ቀን አበባው ተቆርጦ፣ በርዝመቱ ተለይቶ፣ ታስሮ ወደ ቦሌ የሚጫነው አሁን ነው።

በዚህ መሀል ከሥሬ የሚሠሩ የሦስት ልጆች አከራይ አረፉ። ልጆቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ሲታመሙ አጥሚት የሚያፈሉላቸው እኚህ እናት ነበሩ። ለቀብር ግማሽ ቀን ጠየቁ። አንዷን አስጠርቶ «ምንሽ ናት?» አላት፤ አስተርጓሚዋ እኔ። ልጅቷ አቀርቅራ ጫማዋን አየች። አለቃን ዓይን ዓይኑን እያዩ መመለስ እኛ ዘንድ ድፍረት ነው። እሱ ግን የዋሸች መሰለውና ከለከለ። ሄዱ። በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ ጨዋታ የለም። እስሩ ላስቲኩ ላልቶ ይመጣል። ሻይ የሚጠራኝም ጠፋ፤ ከሱ ጋር ቆጥረውኛል። ፊት ለፊት ልንገረው ወይስ ሽማግሌ ነገር ልላክበት?

ማኅበርተኛው፦
እህቴ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 81ን እዪው። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደሞዙ ይሰጣል። አከራይ እዚህ ውስጥ አትገባም። ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ለከባድና ለልዩ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደሞዝ ፈቃድ አለ፤ በዓመት ሁለቴ። በዚህ በኩል ግቢ።

ሆለታ ዳር፦
ሽማግሌ ተዪው። ሆላንዶች ዙሪያ ጥምጥም አይገባቸውም፤ ቀጥ አድርገሽ ስትነግሪያቸው አይቀየሙም። እኛ ጋ የፈቃዱን ነገር በኅዳር ቁጭ ብለን ነው የምንጨርሰው። ጥር 11 ጥምቀት፣ 12 ሚካኤል፣ 21 አስተርእዮ ማርያም፣ ሁሉም የአበባው ጥድፊያ ላይ ነው የሚወድቁት። ሙስሊምና ጴንጤ ልጆች በጥምቀት ይገባሉ፣ በእጥፍ ይከፈላቸዋል፤ በኢድ ደግሞ ክርስቲያኖቹ። ለቀብር ከየጠረጴዛው ሁለት ሰው ይሄዳል፣ የቀረው ገንዘብ ያዋጣል። ሞትን ቀድሞ ማቀድ ባይቻልም ማን እንደሚሄድ ማቀድ ይቻላል፤ ይሄን ሲሰማ የኛው ፈረንጅ ደስ አለው።

ምን አገባኝ፦
ፈረንጁስ ባያውቅ ነው። የኔ አለቃ ሐበሻ ነው፣ የእድር ዳኛ ነው፣ ራሱ ቀብር አይቀርበትም። እኛ ስንጠይቅ ግን «ሥራ ይበደላል»። ለሱ ምን አንቀጽ ላንብብለት?

የሰበታዋ፦
ሃሃ፣ አንተስ ባሰብህ። ማኅበርተኛው፣ አንቀጹን አትሜ ልሰጠው ነው። እንግሊዝኛውም አለ አይደል?

ማኅበርተኛው፦
አለ። ነጋሪት ጋዜጣው ሁለቱንም ጎን ለጎን ነው የሚያትመው። ማስጠንቀቂያው እንዲነሳም አብረሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ በቃል አይሁን።